ትምህርት ቤት ገብቶ ዓመት ሙሉ ያልተናገረ ልጅ፦ የእንቅስቃሴ ቴራፒ ያናግረዋል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ጥገኝነት ጠይቆ ቀድሞን መጣ። እኔና ሁለቱ ልጆቼ ከ4 ዓመት በኋላ ተከተልነው። ትልቁ ልጄ አሁን 7 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእህቱ ጋር ሲያወራ ይውላል። ለአባቱ ግን በሹክሹክታ ነው የሚመልሰው። ትምህርት ቤት ከገባ ዓመት አልፎታል፣ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤተ ክርስቲያን ከሐበሻ ልጆች ጋርም ያው ነው። ይሮጣል፣ ያጨበጭባል፣ አይናገርም። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ስለ ሥነ ጥበብና እንቅስቃሴ ቴራፒ የሚያወራ ወረቀት ሰጠችኝ። ባለቤቴ ‹አሜሪካ ያመጣነው እንዲማር እንጂ እንዲጨፍር አይደለም፤ የማይናገረው በእልህ ነው› ይላል። እናቴ ጠበል ይወሰድ ትላለች። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት አለችኝ። ይህ ነገር እውነት ሕክምና ነው? እስክስታ ባስተምረው አይሻልም? ያናግረዋል ወይ?»

መልስ፦

ልጅዎ እልኸኛ አይደለም። እዚህ ላይ ካልተግባባን የቀረው ምክሬ አይጠቅማችሁም። እልኸኛ ልጅ ሲፈልግ ያወራል፣ ሲያኮርፍ ይተዋል። እንደ እርስዎ ልጅ ያሉት ግን ሲፈልጉም አይሆንላቸውም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት መጠየቅ ስለሚያቅታቸው ሽንታቸውን እስከ ቤት ይዘው ይመጣሉ። ምሳቸውንም ሳይነኩ የሚመልሱ አሉ። ማታ ስታወሩ ቀስ ብለው ይጠይቁት። ለእልህ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውል የ7 ዓመት ልጅ የለም።

የገለጹት ነገር ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም የሚባለውን ይመስላል። ልጁ በሚቀርባቸው ሰዎች ፊት አቀላጥፎ ያወራል፣ ሌላ ቦታ ግን ድምፁ አይወጣም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው 5ኛው የምርመራ መመሪያ ይህን የሚያስቀምጠው ከጭንቀት ችግሮች ተርታ ነው። ልጁ እንዲናገር ሲጠበቅበት ሰውነቱ ይደርቃል። ትከሻው ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጉሮሮው ይያዛል። ቃሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፣ መውጫ ግን አያገኝም። «ይመስላል» ያልኩት ልጁን ሳላየው በጽሑፍ ብቻ ስለማልፈርድ ነው። መመርመር አለበት። እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ከጽሑፍዎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዲስ ቋንቋ የሚለምድ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ይህ ጤናማ ነው። አስተማሪዎችም ስለሚያውቁት «እንግሊዝኛው ሲገባው ያወራል» ብለው ይጠብቃሉ። የእርስዎ ልጅ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአማርኛም ዝም ይላል። ስለዚህ ችግሩ የእንግሊዝኛ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህቺን ነጥብ ለካውንስለሯ ይንገሯት። ትምህርት ቤቱ እሑድ ምን እንደሚሆን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ለምርመራው ግን ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው ይህቺ ነጥብ ናት።

የጓደኛዎን ምክር አይስሙ። ልጁ በነፃነት የሚያወራበት አንድ ቦታ ቤታችሁ ነው፤ እዚያ የሚያወራበትም ቋንቋ አማርኛ ነው። እሱን ከወሰዱበት ቤቱንም እንደ ትምህርት ቤቱ ያደርጉበታል። ሁለት ቋንቋ መናገር ይህን ችግር አያመጣም። እውነት ነው፣ በስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ላይ በርከት ብሎ ይታያል። በምዕራብ ኢየሩሳሌም መዋዕለ ሕፃናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በአጠቃላይ ከ100 ልጆች 1 እንኳ የማይሞላ ሲያገኝ፣ በስደተኛ ቤተሰብ ልጆች መካከል ግን ከ100 ወደ 2 ገደማ አግኝቷል። ይህ የሚያሳየው አማርኛ መናገር ጉዳት እንዳለው አይደለም። በተፈጥሮው ዓይን አፋርና ጥንቁቅ የሆነ ልጅ አገር፣ ሰፈርና ሰው በአንድ ጊዜ ሲቀየርበት ጫናው እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እርስዎ የጻፉት ስለ አንድ ችግር ነው፣ እኔ ግን ሁለት አያለሁ። አንደኛው ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያለው ዝምታ ነው። ሁለተኛው ለአባቱ ያለው ሹክሹክታ ነው። አባቱ ሲሄድ ልጁ ገና ዳዴ ማለት ትቶ መራመድ የጀመረ ሕፃን ነበር። ለ4 ዓመት አባት ማለት ለእሱ የስልክ ስክሪን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ኤርፖርት ላይ አንድ ትልቅ ሰው አቀፈው፣ «አባትህ ነው» ተባለ። በዚያው ሳምንት አያቱም፣ ሰፈሩም፣ የሚያውቃቸው ልጆችም ጠፉ። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አባትየው ያን መለያየት የከፈለው ለቤተሰቡ ሲል ነው። ግን አብሮ መኖር ስለተጀመረ ብቻ መቀራረቡ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው።

የእንቅስቃሴ ቴራፒ (የዳንስ ቴራፒም ይባላል) በእኔ እምነት ለሁለተኛው ችግር ጥሩ መሣሪያ ነው። ለመጀመሪያው ግን አጋዥ ነው እንጂ ዋናው ሕክምና አይደለም። ካውንስለሯ የሰጠችዎት ወረቀት ይህን ልዩነት ካላስቀመጠ ጎድሎታል።

ሕክምና ነው ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ነው። የመጣውም ከእናንተው አካባቢ ነው። ማሪያን ቼስ የምትባል ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1942 ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሴንት ኤልዛቤትስ የአእምሮ ሆስፒታል መሥራት ጀመረች። እዚያ ከነበሩት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆሙ ነበሩ። እሷ በቃል አልጀመረችም። አንዱ ወንበሩ ላይ ሲወዛወዝ አብራው ትወዛወዛለች፤ እጁን ሲያነሳ ታነሳለች። ሰውየው የሚያየው ሰው እንዳለ ሲገባው ቀስ በቀስ ይመልስላታል። ከዚያ የአሜሪካ የዳንስ ቴራፒ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንትም እሷው ነበረች። ዛሬ በዚህ ሙያ ለመመዝገብ ሁለተኛ ዲግሪና ቢያንስ 700 ሰዓት ክትትል የተደረገበት የተግባር ልምምድ ያስፈልጋል። የሥዕል፣ የሙዚቃና የድራማ ቴራፒም እንዲሁ የየራሳቸው ትምህርትና ማኅበር አላቸው።

ባለቤትዎ «መጨፈር» ያለው ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ስላላየ ነው። ስለዚህ ልግለጽለት። ታሪኩ የአንድ ልጅ አይደለም፣ ከብዙዎች የተውጣጣ ነው። ልጁ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጃኬቱን አላወለቀም። ቴራፒስቷ ስሙን አትጠይቀውም፣ «ና ግባ» ብላም አትጎትተውም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ኳስ ታንከባልላለች። ኳሷ እግሩ ሥር ስትደርስ በጫማው ጫፍ ይመልሳታል። እሷም በጫማዋ ጫፍ ትመልሳለች። ጠንከር ሲያደርግ ጠንከር ታደርጋለች፣ ቀስ ሲል ቀስ። እጁን ኪሱ ይከታል፣ እሷም ትከታለች። ይህን ያያል። ትከተለኝ እንደሆነ ብሎ አንዱን ትከሻውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ትከተለዋለች። ሌላኛውን ያነሳል። ሳያስበው ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቋል፣ ትንፋሹም ረዝሟል። እስካሁን ማንም አልተናገረም። ግን ጥያቄና መልስ ተጀምሯል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያቀረበውም ልጁ ነው።

ከዚያ ድምፅ በትንሽ በትንሹ ይገባል፣ ቃል ግን አይደለም። ከበሮ በመምታት ይጀመራል። ቀጥሎ በአፍ የሚወጣ ንፋስ ይመጣል፤ ላባ ወይም ጨርቅ እፍ ብሎ ማንሳፈፍ። ከዚያ የመኪና «ቩም»፣ የእባብ «ስስስ»። ጉሮሮው የተያዘ ልጅ «ስምህ ማነው?» ሲባል ይዘጋል፤ መኪና ሆኖ ሲሮጥ ግን ድምፁ ሳያውቀው ያመልጠዋል። እዚህ ላይ ጎበዝ ቴራፒስት አታጨበጭብም፣ «ተናገርክ!» ብላም አትጮህም። ምንም እንዳልተፈጠረ ጨዋታውን ትቀጥላለች። ልጁ ትልቅ ነገር እንዳደረገ ሁሉም ዞሮ ካየው በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁን ይደብቀዋልና።

እስክስታ ባስተምረውስ ላሉት፣ እስክስታ በጣም እወዳለሁ፤ ለልጅዎም አንድ ቀን ይጠቅመዋል። አሁን ግን አይደለም፣ ይህንንም አይተካም። የእስክስታ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ያሳያል፣ ልጁ ይከተላል። ሲሳሳት ይታረማል። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ወላጅ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል። ሰው ሲያየው ለሚደርቅ ልጅ ይህ ከትምህርት ቤቱ የከፋ ፈተና ነው። ቴራፒው ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ልጁ ይመራል፣ ትልቁ ይከተላል። ትክክልና ስህተት የለም፣ ተመልካችም የለም። ትከሻውን ማንቀሳቀስ ከወደደ ግን ቴራፒስቷ እስክስታን እንድታውቀው ያድርጉ፤ ሐበሻ ካልሆነች ቪዲዮ ያሳይዋት። ልጁ ከአገሩ ይዞት የመጣ እንቅስቃሴ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሽብሸባን በተመለከተ፣ እሱ ጸሎት ስለሆነ ለጨዋታ ይዋል አይዋል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የማትፈልጉ ከሆነ ገና ሲጀመር ይንገሯት፣ ቅር አይላትም።

ሥዕልን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወረቀቱ ላይ የሥነ ጥበብ ቴራፒም ስላለ ልጅዎ ሥዕል ይዞ ይመጣ ይሆናል። አትተርጉሙት። «በጥቁር ቀለም ከሳለ አዝኗል፣ አባቱን አሳንሶ ከሳለ ይጠላዋል» የሚሉ ነገሮች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። አንድ ቀለም ወይም የአንድ ሰው ቁመት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጥቁር የሳለው ሌላው እርሳስ ተሰብሮበት ሊሆን ይችላል። የሰለጠነ ባለሙያም ከአንድ ሥዕል ተነስቶ አይፈርድም። «እስቲ ስለዚህ አሳየኝ» ይበሉት፣ ይበቃል።

አሁን ማስረጃው እስከየት ድረስ እንደሚሄድ በግልጽ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የዳሰሰ ሪፖርት አውጥቶ ጥበባት ለጤና ያላቸውን ሚና ደግፏል። ጥናቶቹ ግን በጥራት እኩል አይደሉም። የዳንስ ቴራፒ ለድብርት ይረዳ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም ያወጣው ግምገማ መስፈርቱን ያሟሉ 3 ጥናቶችን ብቻ፣ በድምሩ 147 ሰዎችን ነው ያገኘው። ከዚያ ተነስቶ ቁርጥ ያለ መደምደሚያ መስጠት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በ9 አገሮች፣ 364 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የተደረገ ትልቅ የሙዚቃ ቴራፒ ጥናት ታትሟል። ከ5 ወር በኋላ በኦቲዝም ምልክቶች ላይ ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ለውጥ አላሳየም። ስለ ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም በተለይ ያለው በአብዛኛው የጥቂት ልጆች ታሪክ ነው። እኔ በዚህ ሙያ አምናለሁ፣ የምተዳደርበትም ነው። ለዚህም ነው ከሚሠራው በላይ ሲወራለት ዝም የማልለው። ያናግረዋል ወይ? ብቻውን፣ አይመስለኝም።

ለዝምታው የተሻለ ማስረጃ ያለው በደረጃ የሚሄድ የባህሪ ሕክምና ነው። ልጁን የሚያስፈራውን ነገር በጣም ትንሽ ከሆነው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማለማመድ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጠዋት ሌሎች ልጆች ሳይገቡ እርስዎና ልጅዎ ባዶ ክፍል ውስጥ ካርታ ትጫወታላችሁ፣ በአማርኛ እያወራችሁ። እሱ በእርስዎ ፊት ስለሚያወራ ያወራል። በሌላ ቀን አስተማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ታልፋለች። ቀጥሎ በሩን ከፍታ ጀርባዋን ሰጥታ ወረቀት ታስተካክላለች። ከዚያ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ መጥታ ዝም ብላ ካርታ ትመዛለች። መጨረሻ ላይ «ቀዩን ነው ሰማያዊውን?» ብላ ትጠይቀዋለች። ጥያቄው እንዲህ ምርጫ ያለው መሆን አለበት፤ «ትፈልጋለህ?» ከተባለ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ያልፋል። ከጠየቀችው በኋላ ቢያንስ 5 ሰከንድ ትጠብቀው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች 2 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ራሳቸው ይመልሱለታል። እርስዎም፣ ትንሽዋ እህቱም ይህን ታደርጉ ይሆናል። በፍቅር ነው፣ ግን ዝምታውን ያደላድለዋል።

አንዱ ደረጃ ሳይለምድ ወደሚቀጥለው አይዘለልም። አንዳንዱ ደረጃ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የእንቅስቃሴ ቴራፒው የሚያግዘው እዚህ ጋ ነው። ሰውነቱ መላላትን የለመደ ልጅ ደረጃዎቹን በቀለለ ሁኔታ ይወጣል። የባህሪ ሕክምናውና የእንቅስቃሴ ቴራፒው ባለሙያዎች በስልክ እንዲነጋገሩ ፈቃድ ይፈርሙላቸው፤ ካልተነጋገሩ አንዷ የሠራችውን ሌላዋ አታውቀውም።

ቤት ውስጥስ? ምንም ወጪ የሌለው ነገር አለ፣ አኩኩሉ። ይህን ጨዋታ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ደጋግሜ አዝዛለሁ። ፈላጊው ፊቱን ግድግዳ ላይ አድርጎ «አኩኩሉ!» ሲል የተደበቀው «አልነጋም!» ብሎ ይመልሳል፣ መደበቂያው ሲመቸው ደግሞ «ነጋ!» ይላል። ለሚፈራ ልጅ ከዚህ የተመቸ የለም። ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ ግን አይታይም። ማንም አያየውም፣ ሩጫው ትንፋሹን ከፍቶታል፣ የሚለው ቃል አስቀድሞ ይታወቃል፣ የሚናገርበትን ሰዓትም የሚመርጠው እሱ ነው። መጀመሪያ እርስዎና እህቱ ተጫወቱ። ቀጥሎ ፈላጊው አባቱ ይሁን። ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ለአባቱ «አልነጋም!» ብሎ ከጮኸ ከሹክሹክታ ብዙ ርቀት ሄዷል። መጮህ ካቃተው በማጨብጨብ ይመልስ፣ እሱም መልስ ነው። ሲሆንለት የአንድ ዘመድ ልጅ ይጨመር፣ አንድ ብቻ። ለማናገር ብላችሁ እንደምታጫውቱት ግን አትንገሩት። ጮክ ብሎ ሲመልስም ተያይታችሁ አትሳቁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለባለቤትዎ ያንብቡለት። ወንድሜ፣ ይህ ሥራ ያለ አንተ አይሆንም። ቴራፒስቷ ልጅህን ይዛ በር ዘግታ ብቻዋን ብትሠራ የምታቀራርበው ከራሷ ጋር ነው። ልጁ የሚያስፈልገው ከአንተ ጋር መቀራረብ ነው። ክፍሉ ውስጥ መዳፍ ለመዳፍ ተገፋፉ ትላለች። አንተ ጉልበትህን መጥነህ፣ ልጁ እንደገፋህ እንዲሰማው፣ ግን ደግሞ እንደማትወድቅ እንዲያውቅ ትይዘዋለህ። ትልቅ ጨርቅ በአራት ማዕዘን ይዛችሁ ቤተሰቡ በሙሉ ኳስ ታነጥራላችሁ። እሱ ሲመራ ትከተላለህ። ለብዙ አባቶች በጣም ከባዱ ይህ ነው፤ እኛ ያደግነው አባት ሲያዝ እያየን ነው። ከሥራ ደክሞህ ትገባ ይሆናል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ወለል ላይ ተቀመጥ፤ እሱ የሚያደርገውን አድርግ፣ ጥያቄ አትጠይቅ። «ዛሬ ምን ተማርክ?» እንኳ አትበል። የምታየውን ብቻ ተናገር፤ «ቀዩን መኪና ከላይ አደረግኸው» ካልክ ይበቃል።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነታችሁ ነው፣ ከሕክምናው ጋርም አይጋጭም። ሁለት ነገር ግን እለምናለሁ። ልጁ ፊት «የያዘው ነገር አለ» አይባል፣ ቀድሞውንም የፈራ ልጅ ነው። ጠበል ተጀምሯል ተብሎም ምርመራው አይዘግይ። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሰው ከቦ «ሰላም በል እንጂ! አፍ የለህም እንዴ?» ሲለው ደግሞ እርስዎ ይቅደሙ። «እሱ በእጁ ነው ሰላም የሚለው» ይበሉና ይለፉ። «ከተናገርክ አይስክሬም እገዛልሃለሁ» የሚል ዘመድ ካለም ያስቁሙት። ልጁ አልችል ያለውን ነገር በሽልማት ሲጠየቅ ያፍራል።

ባለሙያ ሲመርጡ ስም አያታልልዎ። «ጥበብ ለልጆች»፣ «የዳንስ ፈውስ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሁሉ ቴራፒስት አይደለም። ሜሪላንድ ለሥነ ጥበብ ቴራፒስቶች የራሷ የሥራ ፈቃድ አላት። የእንቅስቃሴ ቴራፒስቶች ግን ብዙውን ጊዜ የካውንስሊንግ ወይም የሶሻል ወርክ ፈቃድ ደርበው ይሠራሉ። ከስማቸው ቀጥሎ አር-ዲኤምቲ (R-DMT) ወይም ቢሲ-ዲኤምቲ (BC-DMT) የሚል የዳንስ ቴራፒስትነት ማዕረግ ይፈልጉ፣ የግዛቱን ፈቃድም ይጠይቁ። ኢንሹራንስ የሚከፍለው በአብዛኛው በዚያ ፈቃድ በኩል ስለሆነ ቀጠሮ ሳይዙ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውለው ያረጋግጡ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ከ21 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚያስፈልግ የአእምሮ ጤና ሕክምናን ይሸፍናል፤ የዳንስ ቴራፒን በስሙ ይከፍላል ማለት ግን አይደለም። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቋት፦ ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም ያለበት ልጅ አክማ ታውቃለች? አባትና እናት ክፍሉ ውስጥ ይገባሉ? ለውጡን በምን ትለካዋለች? ለመጨረሻው «ስሜቱ ሲሻሻል ይታያል» ካለችዎት ሌላ ይፈልጉ። በቁጥር ሊታይ የሚችል ነገር መሆን አለበት፤ ለአባቱ በቀን ስንቴ በሙሉ ድምፅ አወራ፣ ትምህርት ቤት ስንት ሰው ፊት ድምፅ አወጣ። ለምርመራም ሆነ ለስብሰባ አስተርጓሚ ከፈለጉ ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዘመድ ወይም ልጅ አስተርጓሚ አይሁን።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ለትምህርት ቤቱ የምርመራ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ። በቃል አይበቃም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ «ልጄ ቤት ውስጥ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ትምህርት ቤት ከገባ ዓመት አልፎታል አልተናገረም፣ በአማርኛም ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አይናገርም፣ እንዲመረመር እጠይቃለሁ» ይበቃል። ቀን ይጻፉበት፣ ኮፒውን ያስቀሩ። በፌዴራል ሕግ ምርመራው ነፃ ነው፤ እርስዎ ፈርመው ከተስማሙ በኋላም በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። የመስማት ምርመራና የንግግር ባለሙያ ግምገማ ይካተት። ቤት ሲያወራ በስልክ የተቀረፀ አንድ ደቂቃ ድምፅ ለባለሙያዋ በጣም ይረዳታል፤ ሲሰጡ ግን ልጁ ይወቅ፣ ይስማማ። እስከዚያው አስተማሪዋ ለሽንት ቤት የሚያሳየው ካርድ ትስጠው፣ ይህ ነገ የሚደረግ ነገር ነው።

ብዙ ወገኖቻችን «ፋይል ይከፈትበታል» ብለው ይፈራሉ። የትምህርት ቤት መዝገብ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ያለ ወላጅ ፈቃድ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ አለ። ምርመራው 504 ፕላን ወይም አይኢፒ (IEP) የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ልጅ የሚያዘጋጀውን የድጋፍ ዕቅድ ካስገኘለት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ደረጃ በደረጃ ማለማመዱን በጽሑፍ ቃል ሊገባለት ይችላል። ይህ ለልጁ መብት ነው፣ የሚጎዳው ነገር የለውም።

የባህሪ ሕክምናው እንደተጀመረ የቤተሰብ የእንቅስቃሴ ቴራፒውን ጎን ለጎን ይጀምሩ፣ በሳምንት አንዴ፣ አባት ባለበት። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቅድሚያ ለባህሪ ሕክምናው ይስጡ፣ የአባትየውን 10 ደቂቃና አኩኩሉውን ቤት ውስጥ ይያዙ።

መጠበቅ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ቤት ውስጥም ማውራት ካቆመ፣ ይችላቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉት፣ ወይም ዝምታው አንድ መጥፎ ነገር ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የመጣ ከመሰላችሁ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያው ሳምንት የሕፃናት ሐኪሙ ይየው። ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ካወራ በማንኛውም ሰዓት ወደ 988፣ ለእንዲህ ያለ አደጋ ወደተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ ይደውሉ።

ከ3 ወር በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጦ ቁጥሮቹን ይይ። ለአባቱ ያለው ድምፅ ከፍ ብሎ ትምህርት ቤት ግን ምንም ካልተለወጠ የእንቅስቃሴ ቴራፒው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ መጠናከር ያለበት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ነው። በሁለቱም በኩል ለውጥ ከሌለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ለአንዳንድ ልጆች የጭንቀት መድኃኒት ለተወሰነ ጊዜ ሲታከልበት ልምምዱ ይንቀሳቀሳል፤ ያንን የሚወስነው ልጁን ያየው ሐኪም ከእናንተ ጋር ሆኖ ነው።